ለእድራችን ብዬ 50 ማይል ልሮጥ ነው፤ ምን ትላላችሁ?

ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። ዕድሜዬ 47 ነው። ታክሲ 6 ዓመት፣ ኡበር ደግሞ 9 ዓመት ነድቻለሁ፤ በቀን 11 ሰዓት ያህል መሪ ላይ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሐኪሜ ስኳሩ ደጅህ ቆሟል ብላ ካስደነገጠችኝ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። አንድ ጊዜ የማሪን ኮር ማራቶንን ጨርሻለሁ። ሰዓቴን አትጠይቁኝ።

ባለፈው ጥር ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሾፌር በተከራየው ቤዝመንት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከሞተ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሁለት ጊዜ ደውዬለት አላነሳም፤ ሥራ ላይ ይሆናል ብዬ ተውኩት። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገውን ገንዘብ እድራችን በሁለት ቀን ሰበሰበ። ለቀስተኛው አዳራሹ አልበቃው ብሎ ፓርኪንጉ ላይ ቆሟል። እኔም እዚያው ቆሜ፣ ይህ ሁሉ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር አልኩ፤ ራሴንም ጨምሬ ነው።

ስለዚህ ኅዳር ላይ ጄ ኤፍ ኬ 50 ማይልን ልሮጥ ወስኛለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከቡንስቦሮ ተነስቶ ዊልያምስፖርት የሚያበቃ ነው፤ በኪሎ ሜትር 80 ይሆናል። ከዚህ የባሰ የጽናት ፈተና ያለ አይመስለኝም። በየማይሉ ጥቂት ዶላር ቃል የሚገባልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ገንዘቡ ድባቴና ጭንቀት የያዘውን ሰው በአማርኛ ለሚያማክር ባለሙያ ይከፈላል። የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። በዚህ የሥራ ሰዓት እንዴት ልለማመድ? ፍልሰታ መሃል ላይ ትገባለችና እንዴት ላድርግ? ገንዘቡንስ ማን ይያዘው?

* * *

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። መልሱ 27 ደርሷል፤ መሃል ላይ ስለ ጃንሆይም፣ ስለ በሶም፣ ስለ ሌባም ተጽፏል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ እንዳይቸገር በየቁጥሩ እኔው ልተርክላችሁ። ቃል በቃል አልጠቅስም፤ አንዳንዱ ቃል ባይደገም ይሻላል።

ቁጥር 1 አበረታቶኝ የጭብጨባ ምልክት ደርድሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ቁጥር 2 ይህንኑ ውድድር ሁለት ጊዜ የጨረሰ የባልቲሞር ሰው ነው። መጀመሪያ ርቀቱን አረመኝ፤ 50 ሳይሆን 50.2 ማይል ነው፣ ያቺ ትርፍ 0.2 መጨረሻ ላይ ስትመጣ ምን ያህል እንደምትረዝም ሲደርስብኝ እንደማውቀው ነገረኝ። ከዚያ መንገዱን አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ማይል ተኩል ያህል ዳገት ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚሮጥ ሰው ከሰዓት በኋላ ይጸጸታል። ቀጥሎ የአፓላቺያን ትሬይል የሚባለው የተራራ የእግር መንገድ ይመጣል፤ ድንጋዩ ኅዳር ላይ በረገፈ ቅጠል ስለሚሸፈን ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እዚያ ነው። በዌቨርተን ገደል በኩል በጠመዝማዛ ቁልቁለት ተወርዶ ሲ ኤንድ ኦ ካናል የሚባለው የድሮ የጀልባ ቦይ ዳር ይገባል፤ ከዚያ 26.3 ማይል ሜዳ። በሌላ አነጋገር ተራራ ወጥቶ ለወረደ ሰው አንድ ሙሉ ማራቶን ይጠብቀዋል። የቀረው ስምንት ማይል ከፍ ዝቅ የሚል አስፋልት ነው።

የእሱ ትምህርት እኔ ካሰብኩት የተገላቢጦሽ ሆነ። አብዛኛው ሰው ተራራውን ፈርቶ ተራራ ይለማመዳል፤ የሚያንበረክከው ግን ሜዳው ነው፤ ያው እርምጃ ያንኑ ጡንቻ ለሰዓታት ስለሚደበድበው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማይል ጀምሮ ጥቂት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድን ልማድ እንዳደርግ፣ አንድ ቀን ሙሉ ከመሮጥም ቅዳሜ ረጅም ሮጬ እሑድ በደከመ እግር እንድደግም፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምዱን እንድቀንስ መከረኝ። ሾፌር መሆኔንም አልረሳም፤ ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ ወንበር አጋድሜ ከመተኛት መኪናውን እየዞርኩ እንድራመድ ጻፈልኝ። ከሞላ ጎደል እያደረግሁት ነው። ጓደኞቼ ቁልፍ የጠፋኝ መስሏቸዋል።

ቁጥር 3 ሹል ነበር። 80 ኪሎ ሜትርን ከዚህ የባሰ የሌለ ፈተና ማለቴ አስቆታል። ባድዎተር የሚባለው ውድድር 217 ኪሎ ሜትር መሆኑን፣ በሐምሌ ሙቀት በዴዝ ቫሊ ከባሕር ወለል በታች እንደሚጀመር፤ ስፓርታትሎን ደግሞ ከአቴንስ እስከ ስፓርታ 246 ኪሎ ሜትር ሆኖ በ36 ሰዓት ውስጥ ካልተጠናቀቀ እንደማይቆጠር ዘረዘረ። የእኔን የእሑድ ሽርሽር ብሎ ዘጋው። መረጃው እውነት ነው፤ ቅር ያለኝ ሽርሽር መባሉ ነው።

ቁጥር 4 ላይ የባልቲሞሩ ሰው ተመልሶ፣ ለ15 ዓመት መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ወገብ 80 ኪሎ ሜትር በቂ እንደሆነ ተከራከረልኝ። አያይዞም የውድድሩን ታሪክ አመጣ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1908 የማሪን መኮንኖች 50 ማይልን በሦስት ቀን ውስጥ፣ በድምሩ በ20 ሰዓት እንዲሸፍኑ አዝዞ ነበር። ውድድሩ በስሙ የሚጠራው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ያን ትእዛዝ ከመዝገብ ሲያወጣው አገሩ ሁሉ 50 ማይል መሞከር ጀመረ። ወንድሙ ሮበርት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1963 በቅዝቃዜ፣ ያውም በቢሮ ጫማ፣ ከግሬት ፎልስ ተነስቶ በዚሁ ካናል ዳር አድርጎ እስከ ካምፕ ዴቪድ 50 ማይል ተራመደ። የእኛም ውድድር በዚያው ዓመት ተጀመረ፤ 11 ሰው ተነስቶ 4 ሰው ጨረሰ። ይህን ሳነብ ልቤ ትንሽ ሞቀ፤ ነገሩ ሲጀመር ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የታሰበ ነበር ማለት ነው።

ኬኔዲ ስሙ ከተነሳ ወዲያ ክሩን ማን ይያዘው። ቁጥር 5 ላይ አንድ አባት ጃንሆይ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1956 ዋሽንግተን መጥተው ከኬኔዲ ጋር እንደተገናኙ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ለቀብሩ ተመልሰው ከነደጎል ጋር በእግራቸው ከአስከሬኑ ኋላ እንደሄዱ አስታወሱ። ቁጥር 6 ኬኔዲ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ፒስ ኮር መምህራን በ1955 መግቢያ ኢትዮጵያ እንደደረሱ፣ አባቱም ከእነሱ አንዱ እንዳስተማራቸው ጻፈ፤ እስከ ዛሬ እንግሊዝኛቸው የኦሃዮ ነው አለ። ቁጥር 7 ስለ ንጉሡ አገዛዝ የጻፈው ተሰርዟል። ቁጥሩ ግን ስለቀረ ቆጥሬዋለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችን ቁጥር 8 ናት። የኩላሊት እጥበት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከሁሉም የረዘመውን የጻፈችው እሷ ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የደም ግፊት መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ነው። እወስዳለሁ። በተለይ ሽንት የሚያሸና ዓይነት ከሆነ በረጅም ሩጫ ቀን እንዴት እንደሚወሰድ ሐኪሜን ሳልጠይቅ ጫማ እንዳላስር አስጠነቀቀችኝ። ጉልበቴን ሲያመኝ አድቪል መዋጥ ልማዴ መሆኑን ከሌላ ጽሑፌ አስታውሳ ያን እንድተው ነገረችኝ፤ ሰውነት ውሃ በጎደለበትና ጡንቻ በተጎዳበት ሰዓት ኢቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያሳንሳል። ከሩጫ በኋላ ሽንቴ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ነገ አያለሁ ሳልል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብኝ። ውሃንም ቢሆን አበዛሁ ብዬ እንዳልኩራራ ገለጸችልኝ፤ ውሃ ብቻ ሲበዛ የደም ጨው ይቀጥናል፣ ጣት ያብጣል፣ ቀለበት ይጠብቃል፣ ከዚያ ራስ ይዞራል፣ አእምሮም ይስታል። ሲጠማ መጠጣት፣ ጨው አለመርሳት፤ ምክሯ ይኸው ነው። ይህን አትሜ መኪናዬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

ቁጥር 9 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ሲሮጥ ነርስ አማክሮ እንዳልሆነ፣ የሐበሻ ደም ለሩጫ እንደተፈጠረ ጻፈ። ቁጥር 10 ላይ ነርሷ አልማረችውም። አበበ ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሠልጣኝ ሥር ለዓመታት የለፋ ወታደር እንጂ ከታክሲ ወርዶ የሮጠ ሰው እንዳልነበረ፣ የሮጠውም 42 ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስታወሰችው። ቶኪዮን ያሸነፈው ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው መሆኑ ለአበበ እንጂ ለሌላ ሰው ምሳሌ እንደማይሆንም ጨመረች። የሐበሻ ደም የተባለውን ደግሞ እሷ በየቀኑ በማሽን ውስጥ ሲዞር እንደምታየው ጻፈች። ሰውዬው መልስ አልሰጠም። እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር።

ቁጥር 11 የአሌክሳንድሪያ እናት ናቸው። ለዚያ ለሯጮች በየፓኬቱ ለሚሸጠው ጣፋጭ ማርማላታ ገንዘብ እንዳላባክን፣ በሶ በስኳርና በጨው ተበጥብጦ በጠርሙስ፣ ጭኮ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ተጠቅልሎ ኪስ እንደሚገባ፣ ነጋዴውም ዘማቹም የኖረበት ስንቅ እንደሆነ አስረዱ። ጭኮውን እሳቸው እንደሚሠሩልኝም ቃል ገቡ። የባልቲሞሩ ሰው በቁጥር 12 ስንቁን አመሰገነ፤ ሆኖም የገብስ ነገር ለአንዳንድ ሆድ ስለሚከብድ ውድድሩ ቀን ሳይሆን አሁን በረጅሙ ሩጫ ላይ እንድሞክረው፣ ዌቨርተን ቁልቁለት ላይ ሽንት ቤት እንደሌለ ገለጸ። ከልምዱ የተናገረ መሰለኝ።

ቁጥር 13 ስለ ፍልሰታ የጻፈ ዲያቆን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባሉት ቀናት ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምግብ መታቀብ እንደሌለ አስታወሰኝ። ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ጠዋት በልቼ መውጣት እችላለሁ፤ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ። በሳምንቱ መሃል ያለውን አጭር ሩጫ ከጾም መፍቻ በኋላ ወደ ማታ ማዞር ነው፤ ጭኮውም ቅቤ አለበትና እስከ ነሐሴ 16 ይቆይ። የቀረውን ለንስሐ አባቴ ተወው። ከዚህ የተሻለ የልምምድ ዕቅድ ከፍዬም አላገኝም። ቁጥር 14 የታመመ ሰው ከጾም ይፈቀድለታል፣ ሯጭስ? ሲል ጠየቀ። ቁጥር 15 ደግሞ 50 ማይል መሮጥ በሽታ ለመሆኑ እሱ በበኩሉ እንደማይጠራጠር ጻፈ።

ቁጥር 16 ላይ የአሌክሳንድሪያዋ እናት አንድ ያላሰብኩትን ነገር አነሱ። ውድድሩ የሚደረግበት፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት ያለው ቅዳሜ ዘንድሮ ኅዳር 12 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆኑ መንገድ ዳር ቆመው ሊያጨበጭቡልኝ አይችሉም፤ በጸሎት ግን ያስቡኛል። ይህን ያየው ቁጥር 17 ኅዳር ሲታጠን የሚባለውን አመጣ። በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ ቀባሪ እንኳ እንደጠፋ፣ በኅዳር 12 የየሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን አውጥቶ የሚያቃጥለው ከዚያ ጋር ተያይዞ እንደሆነ አያቱ ይነግሩት ነበር። ከርእስ ወጣሁ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ለእኔ አልወጣም።

ከቁጥር 18 እስከ 21 ጸብ ነው። ቁጥር 18 ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባ ሳይታወቅ አንድ ሳንቲም እንደማይሰጥ፣ ከዚህ በፊት ለአንድ ጉዳይ አዋጥቶ ሂሳቡን የነገረው ሰው እንደሌለ ጻፈ። ስም አልጠራም። ስም ስላልጠራ ግን ሁሉም በየራሱ ላይ ወሰደው። ቁጥር 19 ለዓመታት እድር በነፃ ያገለገለ ሰው ነው፤ ሌሊት ሌሊት ደረሰኝ ሲለጥፍ የኖረው ሌባ ለመባል እንዳልሆነ በምሬት መለሰ። ቁጥር 20 ሁለቱንም ተሳደበ። አዘጋጁ ቢያስጠነቅቀውም ስድቡ አሁንም አለ፤ ለማንበብ የምትጓጉ ከሆነ እዚያው ሂዱ።

ቁጥር 21 የሂሳብ ሥራ የሚሠራ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ማንንም ሳይነካ መልስ ሰጠ። ጎፈንድሚን በስሜ ብከፍት ለሰጪው ከታክስ የሚቀነስለት ነገር የለም፣ ጥርጣሬውም በእኔ ላይ ይወድቃል። እድር ሁሉ ደግሞ በጎ አድራጎት አይደለም፤ ለአባላቱ ብቻ የሚከፍል ከሆነ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የሚባለውን የበጎ አድራጎት ፈቃድ ላያገኝ ይችላል፤ ያ ፈቃድ ከሌለ የሰጪው መሥሪያ ቤት እኩል ልጨምር አይልም። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ የባለሙያው ጉዳይ ነው። የአማካሪ ፈቃድ በአጠቃላይ የሚታየው ታካሚው ባለበት ስቴት ነው። የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ቨርጂኒያ ቤዝመንት ውስጥ ያለውን ሰው በስልክም ላያክም ይችላል። እኛ ደግሞ ግማሻችን ወዲህ ግማሻችን ወዲያ ነን። ሁለቱን ስቴቶች የሚለየው ወንዝ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቁጥር 22 መጣ። ከዚህ በፊት በዚህ ቤት ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ሟቹን ያውቀው ነበር፤ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። እሱም ብቻውን ቤዝመንት ይኖራል። አማካሪ ቢቀጠር ሟቹ ይሄድ ነበር ወይ ሲል ጠየቀና አይሄድም ሲል ራሱ መለሰ፤ እሱም አይሄድም፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ታየ ከመባል መሞት ይቀለዋል። የጎደለው ምን እንደነበር ግን ያውቃል። አገር ቤት እናቱ እድር ውስጥ ቀብር የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል፣ ይቀጣል፤ ለምን እንደቀረም ይጠየቃል። እዚህ ስማችን የሚጠራው ስንሞት ብቻ ነው። እኔ 50 ማይል ከምሮጥ በሳምንት አንዴ ስም የሚጠራ ሰው ቢኖር፣ ያልመጣው ቢደወልለት፣ ካላነሳም ቤቱ ቢኬድ ይመርጣል። ስድስት መስመር ነው የጻፈው። ለሁለት ቀን ማንም ምንም አልጻፈም። እኔም ጽፌ እያጠፋሁ ቆየሁ።

ሁለት ቀን የቆየውን ዝምታ የሰበረችው ነርሷ ናት፣ ቁጥር 23። ሩጫውን እንዳልተው፣ ልምምዱን ግን ከብቻዬ እንዳወጣው ሐሳብ አቀረበች። ካርዴሮክ ጋ ካናሉ ዳር መንገዱ ሜዳ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ነፃ ነው፣ በየማይሉ ምልክት ተተክሏል። እኔ በየቅዳሜው ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው እየተመላለስኩ ረጅሙን ርቀት እሸፍናለሁ፤ ሌላው ሰው መሃል ላይ በአቅሙ ይራመዳል፤ እሷ የግፊት መለኪያዋን ይዛ ትመጣለች። በተመላለስኩ ቁጥር ሰዎቹን አልፋለሁና እግረ መንገዴን ቆጥሬ እሄዳለሁ። ዝርዝሩን ቁጥር 19 ይያዝ አለች፤ ደረሰኝ የለጠፈ ሰው ስም መያዝ አያቅተውም። የባልቲሞሩ ሰው ቁጥር 24 ላይ አሰላው፤ ሜዳ ላይ መመላለስ አሰልቺ ነው፣ ጄ ኤፍ ኬም ካናሉ ላይ አሰልቺ ነውና ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም።

ቁጥር 25 ያ የስፓርታትሎኑ ሰው ነው። ቅዳሜ እንደሚመጣ ጻፈ፤ 80 ኪሎ ሜትር ግን አሁንም ሽርሽር ነው። ውሻ ይዞ መምጣት ይፈቀድ እንደሆነም ጠየቀ። በገመድ ከታሰረ ይፈቀዳል።

ቁጥር 26 የእኔው ነው። የማይል ክፍያውን አንስቻለሁ፤ ቃል የገባችሁልኝ ሰባት ሰዎች ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይሁን፤ የአማካሪው ነገር ፈቃዱ ሲጣራ ለብቻው ይታያል። የሚፈለገው ሰኞ ማታ ስማችሁንና ስልካችሁን ለቁጥር 19 በውስጥ መስመር መላክ ነው። ቅዳሜ ያልመጣ ሰው እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይደወልለታል። ካላነሳ ከሁላችን ቅርብ ያለው ቤቱ ይሄዳል። ሥራ ላይ ነው ብሎ ማለፍ የለም። ቁጥር 22 ስሙን የላከው ከሁሉ ቀድሞ ነው፤ ይህን መጻፌን እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁጥር 27 ዛሬ ጠዋት የገባ ነው፤ የአሌክሳንድሪያዋ እናት። ቦታው ሽንት ቤት እንዳለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ የሚያመጡ ስለሆነ ቀድመው መመለስ ይችሉ እንደሆነ፣ እግራቸው ስለሚያብጥ ቀስ ቢሉ ሰው ያስቀሩ እንደሆነ ጠይቀዋል። እማማ፣ ሽንት ቤቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ልጅዎን ያለ ጭንቀት ያደርሱበታል፤ እኛ የምንጀምረው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ቀስ ማለቱን በተመለከተ እኔ በሄድኩበት ስለምመለስ የሚቀር ሰው የለም። የእግርዎን እብጠት ግን ለነርሷ ያሳዩልኝ።

አሁን ሥራ ልገባ ነው። የጎደለው ሻይ የሚያመጣ ሰው ነው፤ ትልቅ ፔርሙስ ያለው እጁን ያውጣ።